የብረት ምስሎች ባለአደራ፣ ማዳም ክሌርሚዝ ዶርቪሉስ

ማዳም ክሌርሚዝ ዶርቪሉስ ከአባታቸው ከሲልፊዝ ኤግዛንቱስና ከእናታቸው ከኦርፋ ፕሬናር በሄይቲ ምድር፣ በክሯ ደ ቡኬ አጠገብ በምትገኘው በኖአይ መንደር እ.ኤ.አ. በ1941 ተወለዱ። አባታቸው ባዶ የዘይት በርሜል ከወደብ በጋሪ እያመጡ ለመንደሩ ቀጥቃጮች ያከፋፍሉ ነበርና፣ በርሜሉ በሸንኮራ ገለባ እሳት ሲለበለብ፣ ተቀዶ እንደ ቆዳ ሲዘረጋ፣ በመሮና በመዶሻም ወፍ፣ ዓሣና መልአክ ሆኖ ሲወጣ እያዩ አደጉ።

ዕድሜያቸው ሲደርስ በመነኮሳይት ትምህርት ቤት ገብተው ፊደልና ልብስ ስፌት ተማሩ፤ ስፌቱም እስከ እርጅናቸው እንጀራቸው ሆነ። በ1963 ከአውቶቡስ ሾፌሩ ከኦሬስት ዶርቪሉስ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተጣምረው ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ።

አንድ ቀን ጎረቤት ልብስ ሊለኩ ሄደው ሳለ፣ ከሞተ የቆየ አንድ ቀጥቃጭ የሠራት ክንፋም ዓሣ የዶሮ ቤት መዝጊያ ሆና ተቸንክራ አዩ። አላስቻላቸውም፤ ለባለቤቲቱ ቀሚስ ሰፍተው ዓሣዋን በለውጥ ወሰዱ። ከዚያ ወዲያ የጉድጓድ ክዳንና የአጥር መጠገኛ ሆነው የቀሩትን አሮጌ ምስሎች በቀሚስና በመጋረጃ እየለወጡ ይሰበስቡ ጀመር። ባለቤታቸው፣ «አንቺ ሴት፣ ያገባሽው እኔን ነው ወይስ ዝገቱን?» እያሉ ቢቀልዱም፣ ውለው አድረው ግን ራሳቸው በአውቶቡሳቸው ጣሪያ ጭነው ያመጡላቸው ነበር።

በ2010 ምድር ስትናወጥ ቤታቸው ፈረሰ፤ ኦሬስትም በፍርስራሹ ውስጥ ቀሩ። ማዳም ክሌርሚዝ ባላቸውን ቀብረው ሲመለሱ፣ ምስሎቹን ከአቧራው አውጥተው፣ ዝናቡ ሳይደርስ ለመጠለያቸው ግድግዳ እንዲሆናቸው ለጎረቤት አደሉ። ልጃቸው ማርሌን፣ «እማዬ፣ አንዱም ተመልሶ አይመጣም እኮ!» ብትላቸው፣ «ብረቱ ዝናብ ለምዷል፤ ሕፃናቱ ግን አልለመዱም» አሏት።

ሰው ቤት ሲሠራ ምስሎቹን በራሱ ተሸክሞ መለሰላቸው። አንዲት ወፍ ብቻ ቀረች፤ በድንኳን ውስጥ ልጇ የሞተባት እናት በመቃብሩ ላይ ተክላት ነበር። ማዳም ክሌርሚዝ መልሽልኝ ብለው አልጠየቋትም፤ በየዓመቱ በሙታን መታሰቢያ ቀን ግን እየሄዱ ዝገቷን ፍቀው ዘይት ይቀቧት ነበር።

አናጢው ሬኔል፣ ቀጥቃጭ አባቱ በሕፃንነቱ የሞቱበትና ሥራቸውን ከቶ ያላየ ሰው፣ እቤታቸው መጥቶ የአባቱን መልአክ ሲያሳዩት፣ የመዶሻውን ምት በጣቱ እየዳሰሰ፣ «እማማ፣ የአባቴን እጅ ጨበጥኩ» ብሎ አለቀሰ። ዛሬ እርሱም ብረት ይቀጠቅጣል።

ማዳም ክሌርሚዝ በልብ ሕመም ሲታመሙ ቆይተው፣ ባለፈው ሐሙስ በሰማንያ ዓመታቸው በልጆቻቸው እቅፍ ዐረፉ። ሁለቱን ልጆቻቸውን ማርሌንንና ኢዝላንድን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ ምስሎቹንም በአደራ የተቀበለውን ይህን መንደር ትተዋል። ዛሬ ጠዋት የኖአይ ቀጥቃጮች ሁሉ መዶሻቸውን አሳርፈዋል፤ መንደራችን እንዲህ ጸጥ ስትል ሰምተን አናውቅም።

የወደቀውን የሚያነሣ አምላክ ነፍሳቸውን በእጁ ይቀበል፤ ለእኛም መጽናናትን ይስጠን። አሜን።