ለሞተ ሰው ብቻ የሚነፋ ጡሩምባ

(ወልዲያ፣ በጥር ወር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ። የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ጋሽ ድንበሩ በእድሩ ዕቃ ቤት ደጃፍ ተቀምጠው ጡሩምባቸውን ይወለውላሉ፤ በትዳር ውስጥ ስለሚፈጸም ድብደባ ሰው ለማስተማር ዘመቻ የጀመረ የበጎ አድራጎት ማኅበር ሠራተኛ የሆነችው ትርንጎ ፊታቸው ቆማ ትለምናቸዋለች።)

ድንበሩ፦ አይሆንም አልኩሽ እኮ ልጄ። ይኼ ጡሩምባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ነው።

ትርንጎ፦ አንድ ቀን ብቻ ነው ጋሽ ድንበሩ። ቅዳሜ ጠዋት ሰፈሩን ዞረው፣ «በየቤቱ ስላለው ድብደባ ስብሰባ አለ፣ እድሩ አዳራሽ ኑ» ቢሉልኝ ይበቃኛል።

ድንበሩ፦ ጡሩምባ የሰማ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ እንባውን አዘጋጅቶ ነው የሚወጣው። «ማን ሞተ?» ሲሉኝ ስብሰባ ነው ልበል? በድንጋይ ነው የሚሉኝ።

ትርንጎ፦ በወረቀትማ ሞከርን። በለጠፍን ማግስት ግማሹ ተቀዷል፣ ግማሹን ባለሱቁ ስኳር ጠቅልሎበታል።

ድንበሩ፦ ምን ቸገረሽ፣ ስኳር የገዛው ሰው ያነበዋል።

ትርንጎ፦ እየቀለዱብኝ ነው።

ድንበሩ፦ ቁጭ በይ እስቲ። ቆመሽ ስታዪኝ ፖሊስ የመጣብኝ ይመስለኛል። ስሚኝ፣ ደንብ አለ። ያለ ሞት የነፋ ከሥራው ይባረራል። ሃያ ሁለት ዓመት ስነፋ አንድ ቀን ተሳስቼ አላውቅም።

ትርንጎ፦ የወፍጮ ቤቱ መንደር ሴቶች ግን ተቀይመውዎታል። የአቶ ይመር ቀብር ያመለጠን ጋሽ ድንበሩ በእኛ በኩል ማለፍ ስለተዉ ነው ይላሉ።

ድንበሩ፦ መንገዱ ጭቃ ነዋ።

ትርንጎ፦ በጥር?

ድንበሩ፦ ጉልበቴንም ያመኛል። ቁልቁለት ነው።

ትርንጎ፦ የላይ ሰፈሩ ዳገት ይብሳል። እሱን በየጊዜው ይወጡታል።

ድንበሩ፦ አንቺ ልጅ፣ በጎ አድራጊ ነሽ ወይስ መርማሪ?

ትርንጎ፦ ባንቺአየሁን ያስታውሷታል?

ድንበሩ፦ የግንበኛው ሚስት። ነፍሷን ይማር። አምና በሰኔ።

ትርንጎ፦ ምን ብለው ነበር የጠሩላት?

ድንበሩ፦ ጸሐፊው ጽፎ የሰጠኝን ነዋ። «ወይዘሮ ባንቺአየሁ ድንገት ወድቀው ስላረፉ፣ ቀብራቸው በዘጠኝ ሰዓት ነው» ብዬ።

ትርንጎ፦ ወድቀው።

ድንበሩ፦ እንዲያ አትበዪኝ። የተጻፈልኝን ነው የተናገርኩት።

ትርንጎ፦ እርስዎን ልወቅስ አይደለም የመጣሁት። እኔ እኮ ግድግዳ የምጋራት ጎረቤቷ ነበርኩ። ይህን ሥራ የያዝኩትም ከዚያ ወዲህ ነው።

ድንበሩ፦ እንግዲያው ትሰሚያት ነበር።

ትርንጎ፦ ሬዲዮ እከፍት ነበር። ልጆቼ እንዳይሰሙ እያልኩ።

ድንበሩ፦ እኔም... ከመሞቷ ሦስት ሳምንት በፊት፣ ማለዳ ለሌላ ሰው ቀብር እየጠራሁ በበሯ አለፍኩ። ድምፅዋ ከውስጥ ይመጣል። ቆምኩ። ከዚያ ምን እንዳደረግሁ ታውቂያለሽ? ጡሩምባዬን ጠንከር አድርጌ ነፋሁት። ቤቷ ከኋላዬ እስኪርቅ ድረስ ከአፌ አላወረድኩትም።

ትርንጎ፦ ይህን ለማን ነግረው ያውቃሉ?

ድንበሩ፦ ላንቺ። አሁን።

ትርንጎ፦ የባንቺአየሁ ቤት ግን ላይ ሰፈር ነው። ወፍጮ ቤቱ ጋ እንዳያልፉ የሚያደርግዎ ምንድን ነው?

ድንበሩ፦ ...ልጄ ናት። እናኑ። ከወፍጮ ቤቱ አጥር ቀጥሎ ነው የምትኖረው።

ትርንጎ፦ ባሏ ይመታታል?

ድንበሩ፦ ለመስቀል እጇን በነጠላ ጠቅልላ፣ ትንሿን ልጇን አዝላ መጣችብኝ። ሽማግሌ ሰበሰብኩ። እሱም ጉልበቴን ሳመ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም ብሎ ማለ። እኔው ራሴ ይዣት ሄጄ አስረከብኩት። «ትዳር ነው፣ ቻይው» አልኳት፣ በዚህ አፌ። እናቷ በሕይወት ብትኖር እሺ አትለኝም ነበር።

ትርንጎ፦ ከዚያስ?

ድንበሩ፦ በኅዳር በደጇ አለፍኩ። ስትጮኽ ከሩቅ ሰማኋት። ጡሩምባዬን ስነፋ ጸጥ አለች። አነፋፌን ታውቀዋለች፣ አድጋበታለች። አባቴ እንዳይሰማ ብላ አፏን ያዘች። ከዚያ ቀን ወዲህ እግሬ ወደዚያ አልሄድ አለኝ።

ትርንጎ፦ ከአጥሩ ራቅ ካሉ በኋላስ?

ድንበሩ፦ ምን ከአጥሩ ራቅ ካልኩ በኋላ?

ትርንጎ፦ እንደገና ሰሟት?

ድንበሩ፦ ...ሰማኋት።

ትርንጎ፦ እርስዎ እስኪያልፉ እሱም እጁን ሰብስቦ ነበራ። ሰው ደጄ ላይ አለ ብሎ።

ድንበሩ፦ ይህን አላሰብኩትም።

ትርንጎ፦ ጋሽ ድንበሩ...

ድንበሩ፦ ሁለት ወር ሙሉ አላለፍኩም እኮ ልጄ። ሁለት ወር።

ትርንጎ፦ ማኅበራችን ማረፊያ ቤት አለው። ለእሷም ለትንሿ ልጇም አልጋ አይጠፋም። ችግሩ ከዚያ ግቢ ማውጣቱ ነው። እኔ ብቻዬን ባንኳኳ አይከፍትልኝም።

ድንበሩ፦ እኔ ብቻዬን ባንኳኳ ደግሞ ከፍቶ ጉልበቴን ይስማል። መሳሙን ያውቅበታል።

ትርንጎ፦ እንግዲያው ቅዳሜ፣ ሰው ከተሰበሰበ በኋላ...

ድንበሩ፦ ቅዳሜ ሩቅ ነው። ዛሬ እሑድ ነው፣ እሱ እቤት ነው የሚውለው። እስቲ ያን ከዘራዬን አቀብዪኝ።

ትርንጎ፦ ወዴት ሊሄዱ ነው?

ድንበሩ፦ ወደ ወፍጮ ቤቱ።

ትርንጎ፦ ጉልበትዎስ?

ድንበሩ፦ ጉልበቴ ደህና ነው። ውሸቴን ነው ያልኩሽ።

ትርንጎ፦ ያባርሩዎታል እኮ።

ድንበሩ፦ ያባርሩኝ። ነጠላሽን አጣፊና ተከተይኝ። ደጇ ላይ ቆሜ፣ መንደሩ ነቅሎ እስኪወጣ ድረስ እነፋለሁ።

ትርንጎ፦ «ማን ሞተ?» ሲሉዎትስ?

ድንበሩ፦ «ገና አልሞተችም፤ የጠራኋችሁም ለዚህ ነው» እላቸዋለሁ።