ከኋላ የቆመችው

ሀጂ ጀይሉ ከሰንበቴ ገበያ ሲመለሱ ከሚሴ ላይ ከሚኒባሱ ወረዱና መንገድ ለማሳጠር በትምህርት ቤቱ ሜዳ አቋረጡ። ባያቋርጡ ኖሮ ቀኑ በሰላም ያልፍ ነበር። የልጅ ልጃቸው ረቢአ፣ ከኳስ ጨዋታ በፊት ሜዳውን ከሚያደምቁት የደጋፊ ልጃገረዶች ጋር ደሴ ሄዳ አጭር የጂምናስቲክ ሥልጠና ወስዳ ገና መመለሷ ነው። እሳቸውም «የኔዋ ሰው ትከሻ ላይ እንደ መስጊድ ሚናራ ቀጥ ብላ ትቆማለች» እያሉ ለገበያተኛው ሁሉ አውርተዋል። አሁን የሚያዩት ግን ሌላ ነው። ጓደኛዋ ሰብሪና በርከክ ባሉ ሁለት ልጆች ጭን ላይ ቆማለች፤ ረቢአ ከኋላ እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች።

«አሰላሙ አለይኩም» አሉ ሀጂ፣ ፊታቸውን ቋጥረው።

«ወአለይኩም ሰላም አባባ። አከም ጅርቱ?»

«ምን ደህንነት አለ። ደሴ ድረስ የሄድሽው የሰው ጀርባ ልትጠብቂ ነው?»

«በአጭር ሥልጠና የሚቻለው ይኸው ነው አባባ። አወዳደቅ ተማርን፣ የሚወድቀውን መያዝ ተማርን፣ ጭን ላይ መቆም ተማርን። ትከሻ ላይ መውጣቱን አሠልጣኛችን ‹ገና ብዙ ልምምድ ይቀራችኋል› ብላ ከልክላናለች።»

«እኔ እኮ ለሰው ተናግሬያለሁ! ቅዳሜ ለኳሱ ሊያዩሽ ይመጣሉ። ወይ ትከሻ ላይ ትቆሚያለሽ፣ ወይ ቡድኑን ትተዪዋለሽ።»

ረቢአ አንገቷን ደፋች። ቡድኑን ምን ያህል እንደምትወደው ያውቃሉ። ቢሆንም በሰው ፊት አንዴ የኮራ ሽማግሌ ንግግሩን ከሚያጥፍ ልጁን ቢያስለቅስ ይቀለዋል፤ ክፉ አመል ነው።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ጨፋ ሜዳ ላይ ማሽላ ሲከመር ጀማሪውን ጫፍ ላይ ያወጡታል?»

«አላህ ይጠብቀን። ጀማሪ ከሥር ያቀብላል። ሳይበቃ የወጣ ክምሩንም ያዘምማል፣ ራሱም ይሰበራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል...» በገዛ አፋቸው ተያዙ።

ረቢአ አልሳቀችባቸውም። «ይፍቀዱልኝ፣ እየጠበቁኝ ነው» ብላ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ሰብሪና እንደገና ወጣች፤ ወዲያው እግሯ ከጭኑ ላይ ሸተት አለ። ሀጂ «ያ አላህ» ብለው ሳይጨርሱ ረቢአ ከብብቷ ሥር ይዛ በእግሯ አቆመቻት። ሰብሪና ሻርፗን አስተካከለችና መልሳ ወጣች። ያለ ፍርሃት መውጣቷ የሀጂን ልብ ነካው።

«ይህን የት ተማርሽ?»

«ደሴ የሄድነው ለዚሁ ነበር አባባ።»

«ማሻ አላህ» አሉ ቀስ ብለው። «ያልኩትን ትቼዋለሁ። እዚያው ቦታሽ ላይ ሁኚ።»

ቅዳሜ የሰንበቴ ሰዎች መጡ። ትከሻ ላይ የወጣ አልነበረም፤ የተጎዳም አልነበረም። ሀጂ አጠገባቸው የተቀመጡትን አባቶች ሁሉ ይመክራሉ፦ «ሴት ልጆቻችሁንም ለሥልጠና ላኩ። በአጭር ጊዜ ተአምር አትጠብቁ። ጥንቃቄ ይማራሉ፣ መተማመን ይማራሉ፣ ‹ገና አልደረስኩም› ብሎ መናገርን ይማራሉ። ትከሻው በጊዜው ይደርሳል።»

«የእርስዎ የቷ ናት?» አለ አንዱ የከብት ነጋዴ። «ላይ የቆመችው?»

ሀጂ ጀይሉ ደረታቸውን ነፉ። «የለም፣ ከኋላ ያለችው ናት። ላይኛዋ የወጣችው በኔዋ ተማምና ነው።»