ቅባት የሚጠጣ ድንጋይ

ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ጋሽ መኮንን የሚባሉ ጌጥ ሠሪ ዘንድ ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ቀን ነው። ከኔቫዳ በረሃ የወጡ ቱርኩዌዝ የሚባሉ የጌጥ ድንጋዮች በትሪ ሰጥተውኝ "አቧራውን ብቻ ጥረጊ" ብለው ወጣ አሉ። ሰማያዊ ናቸው፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ጥቁር መስመር አላቸው። ግን አመድ የተነፋባቸው ይመስላሉ። እኔ ደግሞ አመዳም ነገር ማየት አልችልም፤ ልጄንም ሳልቀባት ከቤት አላወጣት። የእሷን ቫዝሊን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሁሉንም አሸኋቸው። ወዲያው ደመቁ።

ጋሽ መኮንን እንደተመለሱ "ምን ቀባሻቸው?" አሉኝ።

"ቫዝሊን።"

"ልጄ፣ ይሄ ድንጋይ ቅባት ይጠጣል እኮ። እያደር አረንጓዴ ይሆናል። ከዚያ ማን ይገዛዋል?"

ልጄ የሕፃናት መዋያ፣ ዴይኬር፣ የገባችው ሥራ አለኝ ብዬ ነው፤ የሙከራ ሳምንቴን እንኳ አልጨረስኩም። ይቅርታ ልበል ወይስ ኮቴን ላንሳ እያልኩ ስቁነጠነጥ ዓይኔ ትሪው ላይ አረፈ።

"ጋሼ፣ እነዚህ ሁለቱ ግን አልጠጡም" አልኩ። ቅባቱ እላያቸው ላይ እንደተኛ ነበር።

አንስተው በማጉያ መነጽር አዩአቸው፤ በመርፌ ጫር ጫር አደረጓቸው። "ፕላስቲክ ነው" አሉ። "በእጄ ቆፍሬ አወጣሁት ብሎ የሸጠልኝ ሚዜዬ ነው።"

ኮቴን ስለብስ ቀና ብለው አዩኝ።

"ነገ በጠዋት ነይ። ከእሱ የገዛሁት መሳቢያ ሙሉ አለ፤ ብቻዬን ማየት አልፈልግም።"