የገብስ ጂግለር፣ የማሽላ ጂግለር

ክቡር አቶ ዱጉማ፣ ክቡራትና ክቡራን የጋራዣችን ባልደረቦች፤

ስለ ምሳው፣ ስለ ጠጁ፣ ይልቁንም የሥራ ቀን ሆኖ ሳለ በሩን ዘግታችሁ ከእኔ ጋር ስለተቀመጣችሁ አመሰግናለሁ። አቶ ዱጉማ ይህን ግቢ ለአሮጌ ሞተር ብስክሌቶች ጥገና ሲከፍቱ፣ እኔ ከማስተማር ሥራ በዕድሜ ተሰናብቼ ቤት የተቀመጥኩ ሰው ነበርኩ። «መምህር፣ ልኬት የሚያውቅ ሰው እፈልጋለሁ» ብለው አመጡኝ። ስለዚህ ይህ ሁለተኛ ስንብቴ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ተማሪዎቼ ደስ ብሏቸው ነበር። እናንተ ቢያንስ ደስታችሁን ደብቃችኋል።

ለምን እንደምሄድ ታውቃላችሁ፤ ዓይኔ ደክሟል። አንዷ ጂግለር ሁለት ሆና ትታየኛለች። ለደንበኛ ሁለት ሁለት ጂግለር መስጠት የጀመርነው ግን በዚህ ምክንያት አይደለም። እውነተኛውን ምክንያት ኋላ የመጣችሁት አልሰማችሁም። ዛሬ በሩ ዝግ ነው፤ እዚህ ያለነውም የምንተማመን ነን። ልንገራችሁ።

ከሥራው ልጀምር፣ ልማዴ ነው። ካርቡራተር አየርና ቤንዚን የሚደባለቁበት ጉሮሮ ነው። ጂግለር ደግሞ ቤንዚኑ የሚያልፍባት፣ መሐሏ የተበሳ የነሐስ ፍሬ ናት። ቀዳዳዋ ከሰፋ ቤንዚን ይበዛል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ እሳት የሚሰጠው ካንዴላም ጥላሸት ይለብሳል። ከጠበበች ቤንዚን ያንሳል፤ ሞተሩ ይግላል፣ ካንዴላው ይነጣል፣ በመጨረሻም ፒስተኑ ተጣብቆ ይቀራል፤ ባለቤቱ በእግሩ ይሄዳል። ልክ ስትሆን ካንዴላው የዳቦ ቅርፊት ይመስላል።

ችግሩ አየሩ ነው። ጉለሌ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ ስስ ነው፣ ስስ አየር ደግሞ ጠባብ ጂግለር ይፈልጋል። ወደ ቆላ ሲወርዱ አየሩ ይወፍራል፤ ያን ጊዜ ሰፋ ያለች ታስፈልጋለች። እንግዲህ ሠራተኛው ከማስተካከሉ በፊት ደንበኛውን ምን ብሎ ይጠይቃል? «በዚህ ሞተር የት ነው የሚሄዱት?» ሌላ ምን ይላል?

ጣሊያን ከገባ ወዲህ ግን ይህ ጥያቄ ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስንጠይቅ ደንበኛው ወሬ ያስቀይራል፤ አንዳንዱም የሌለ አገር ይጠራል። አንዱማ ጥያቄውን እንደሰማ አልነሳ ያለች ሞተሩን እየገፋ የቁስቋምን ዳገት ወጣ። ሰው ወሬ አቀባይ መስለነው ነበር። ሞተር ፈቺው ደቻሳ ነው ነገሩን የቆረጠው። «መምህር፣ ይህን የሚጠይቁ ኬላ ላይ ሞልተዋል። እኛ ሌላ እንጠይቅ» አለ።

ሌላ ምን? መልሱን ያመጣችው የሺ ናት፤ እዚያ በላምባ ጣሳዋ አጠገብ ሆና የሞተር ዕቃ እያጠበች። «ምን እንደሚዘራ ጠይቋቸው» አለች። ገብስ ካለ ደጋ ነው፣ ጤፍ ካለ ወይና ደጋ፣ ማሽላ ካለ ቆላ። አገሩ አይታወቅም፤ ከፍታው ይታወቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንጥረኛችን መዝገቡ፣ የቀጨኔ ልጅ እጁ አይከዳውምና፣ የድሮዎቹን ጂግለሮች ቀዳዳ በብየዳ እየደፈነ እንደገና እንደ መርፌ በቀጠነ መሰርሰሪያ ይበሳቸው ጀመር፤ የገብስ፣ የጤፍ፣ የማሽላ እያለ።

አሁን ሁለት ጂግለር መስጠት ወዳስጀመረን ሰው ልምጣ። ነገራ ነኝ አለን። እውነተኛ ስሙ ይሁን አይሁን አልጠየቅንም። ባለ አንድ ሲሊንደር አሮጌ ሞተር ይዞ መጣ፤ በጆንያ ደግሞ ከአዲስ ሞተር የተፈታ ትልቅ ካርቡራተር። ይህን ግጠሙልኝ፣ ጉልበት እፈልጋለሁ አለ። ደቻሳ ካርቡራተሩን አገላብጦ አየና «ይህ የበሬ ጉሮሮ ነው፤ ያንተዋ ፍየል ናት» አለው። ነገራ አልሳቀም። እኔ አስረዳሁት። አሮጌ ሞተር በሰፊ ጉሮሮ ሲስብ አየሩ ይዘገያል፣ የዘገየ አየር ቤንዚኑን ከሥሩ አያነሳም። ጉልበት ከትልቅነት አይመጣም፤ ከልክነት ነው። የራሷን አሮጌ ካርቡራተር አጥበን እንድንመልስ ተስማማ።

ከዚያ ጠየቅኩት። «ምን ይዘራል?»

«ገብስ» አለ፣ ቶሎ።

ግን ዕቃውን እያየሁ ነበር። ሁለት የውኃ ኮዳ አስሯል። ሰፊ ባርኔጣ አለው፤ ጋቢ የለውም። ገብስ አገር የሚሄድ ሰው ያለ ጋቢ ይወጣል? እንዳልዋሸ ለመቁጠር ዓይኔን መጨፈን ነበረብኝ። የገብስ ጂግለር ብገጥምለት ቆላው መሐል ፒስተኑ ይጣበቃል። ዋሽተሃል እንዳልለው ደግሞ ጎማ ሊያስለጥፍ የመጣ ሰው በር ላይ ተቀምጧል፤ ያ ሰው ጆሮው ሥራው እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ምን አደረግኩ? አስተማርኩ። ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም። የሺን ጠርቼ፣ ጮክ ብዬ፣ ስለ ገብስ ጂግለር ትምህርት ጀመርኩ። ስለ ስስ አየር፣ ስለ ካንዴላ ቀለም። የሺ ላምባ የነካ እጇን እያደረቀች እንደ ትጉ ተማሪ ታዳምጣለች። እኔ ሳልነግራት የሚቀጥለውን ጥያቄ ራሷ አመጣችው።

«እሺ መምህር፣ ሰውየው በገብስ ጂግለር ማሽላ አገር ቢወርድስ?»

«አይደርስም» አልኳት። «መንገድ ላይ ይቀራል። የያዘውም ነገር አብሮት ይቀራል።»

ነገራ ወደ ኮዳዎቹ አቀረቀረ። ደቻሳ የባለ ጆሮውን ጎማ አንስቶ መለጠፍ ጀመረ። ደቻሳ ያን ቀን እንደሠራው በፍጥነት ሲሠራ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁትም። ጎማውን ነፍቶ ባለቤቱን እስከ መንገዱ ሸኘው። በሩ ሲዘጋ ነገራ ቀና አለ።

«መምህር፣ ገብሱ የአባቴ ነው። የእህቴ ባል ማሽላ ነው የሚዘራው። እህቴ በወባ ወድቃለች፤ መድኃኒቱን ይዣለሁ። የይለፍ ወረቀቴ ግን ገብሱ ላይ ያበቃል።»

እንግዲህ የማሽላዋን ገጥመን እንሸኘው? እሱም አይሆንም። መጀመሪያ እንጦጦን መውጣት አለበት። በዚያ ስስ አየር ሰፊ ጂግለር ጥቁር ጭስ ያስተፋዋል፤ ኬላው ላይ ደግሞ ጭሱን አይተው ያስቆሙታል። ስለዚህ ሁለቱንም ሰጠነው። የገብሷን ገጠምን፣ የማሽላዋን ፈታሽ እንዳያያት የሺ ከባርኔጣው ጥብጣብ ውስጥ ሰፋችለት። የመጀመሪያውን የማሽላ አገዳ ስታይ ቁም፣ ቀይር አልኩት።

መቀየር ግን አያውቅም። አስተማርኩት። አውልቅ፣ በአፍህ ንፋ፣ ግጠም። ይጥላታል፤ ከአፈር ውስጥ እየፈለግን እናነሳለን። እንደገና። እህቱ በትኩሳት ላይ ሆና እኔ እንደገና ስለው ጥርሱን ሲነክስ አያለሁ። «ይበቃል መምህር፣ ገብቶኛል» ይላል። «የገባህማ ገብቶሃል፤ ጣትህ ነው ያልገባው» እለዋለሁ። ዓይኑን ጨፍኖ እስኪገጥም ድረስ አልለቀቅኩትም። አንድ ትርፍ ካንዴላ ጨመርኩለትና፣ ስትመለስ ቆላ የሄድክበትን አሮጌውን አሳየኝ፣ ቀለሙን ልየው ብዬ አሰናበትኩት። በዳገቱ ሲወጣ ሁላችንም ቆመን ጭሱን አየን። ንጹሕ ነበር።

አልተመለሰም። ሳምንቱ አለፈ፣ ወሩም አለፈ። አንተም ደቻሳ ስለ እሱ ማንሳት ተውክ፤ እኔም ተውኩ።

ከክረምቱ በኋላ አንድ የጨው ነጋዴ በበሩ ገብቶ፣ መምህሩ ማናቸው አለ። በማሽላ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ሰጠኝ። ወረቀት የለው፣ መልእክት የለው። ፈታሁት። ካንዴላ ነው። ወደ ብርሃን ወስጄ አየሁት። የዳቦ ቅርፊት ይመስላል፤ ጥቁር የለበት፣ ነጭ የለበት።

ሞተሩ እንደደረሰ አወቅኩ። መድኃኒቱ በጊዜ መድረሱን ግን ካንዴላ አይናገርም። ነጋዴውን ማን ላከህ አልኩት።

«አንዲት ሴት ናት» አለ። «ወንድሟ ኬላውን አልፎ መመለስ ስላልቻለ እዚያው ቀርቶ እያረሰ ነው። ራሷ በእጇ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ገና ከሕመም የተነሳች ትመስላለች፤ ቅጠሉን ግን ከማሳው ቆርጣ ያመጣችው ራሷ ናት።»

የሺ ያን ጊዜ ፊቷን ወደ ጣሳዋ አዞረች። እኔም መነጽሬን ጠረግኩ፤ አቧራ ነበረበት።

ሁለት ጂግለር የምንሰጠው ለዚህ ነው። ኋላ የመጣችሁ፣ ይህን ልማድ አትተዉ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ሁለት ከቀየራችሁ የትኛው እንዳዳነ፣ የትኛው እንዳበላሸ አታውቁም። ሚኒሞውን፣ ሞተሩ ቆሞ የሚዞርበትን ፍጥነት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ አታስተካክሉ። የሚዘራውን ጠይቁ፤ አገሩን አትጠይቁ። መልሱ እውነት ካልመሰላችሁ ሰውየውን አታሳፍሩ፤ ጮክ ብላችሁ አስተምሩ።

ካንዴላው ይኸው። ለየሺ እተወዋለሁ፤ ጥያቄውን የጠየቀችው እሷ ናትና።

አቶ ዱጉማ፣ ቤትዎ ሥራ አይጣ። መዝገቡ፣ እጅህ ይጽና፣ ዓይንህም ከእኔ ዓይን ይሻል። ደቻሳ፣ የሺ፣ ሁላችሁም ዳገቱም ቁልቁለቱም ይቅናችሁ። ከዚህ በር የሚወጣ ሁሉ በሰላም ይግባ። መመለስ የማይችለውም፣ መድረሱን የምናውቅበት ነገር ይላክልን።