አሥራ አንድ ልጅ በር ላይ

ከሸዋ በር በተነሳው ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ እናት የልጃቸውን የኳስ አሰልጣኝ አግኝተው ይቆጡታል።

«ሰሚራን አድርስልኝ ብልህ አሥራ አንድ ልጅ አስከትለህ በሬ ላይ ትቆማለህ? ወላሂ፣ ልጄ አንድ ነገር ሆነች ብዬ ጮህኩ!»

«ይቅርታ እናቴ። እኛ በጎ ፈቃደኞች አንዲትን ልጅ ለብቻዋ ይዘን እንዳንሄድ ተከልክለናል።»

«እኔ እናቷ ፈቅጄልህ?»

«እርስዎ ቢፈቅዱም አይቻልም።»

«እኔ እኮ አምንሃለሁ።»

«አውቃለሁ። ደንቡ ግን ለሁላችንም ነው።»

«አልገባኝም። ጀጎል ውስጥ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። ከማን ነው የምትጠብቋት?»

«ከማንም። ከምናውቀውም ሰው።»

«እንዴ! አምና ከእናንተው አንዱ ብቻውን አልነበር እንዴ የሚያደርሳት?»

«ማን?»

«ስሙ ጠፋኝ። ጨዋ ልጅ ነበር፤ እስከ በር አድርሷት፣ ሰላም ብሎኝ ይሄዳል። ብቻ እሷ ድንገት ኳስ አስጠላኝ አለችና እስከ ዘንድሮ ቀረች።»

«ለምን አስጠላት?»

«እኔ ምን አውቄ! ልጅ አይደለች… ቆይ፣ ለምን ነበር ያስጠላት?»

ረዳቱ «ፈላና በር ወራጅ አለ?» ብሎ ሁለቴ ጮኸ፣ እኔ ወራጁ ግን ከወንበሬ አልተነሳሁም።