በቀይ የተቀቡት ጥዶች

ከከተማው በላይ ባለው የጥድ ጫካ፣ ገና ተሠርቶ ባላለቀ የዲስክ ጎልፍ ሜዳ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ጡረታ የወጣው የስፖርት መምህር ፈለቀ ዲስክ እየወረወረ ሜዳውን ይፈትሻል፣ ባለቤቱ ዘርፌ የቀይ ቀለም ቆርቆሮና ብሩሽ ይዛ ትከተለዋለች።

ዘርፌ፦ አልሰጥህም አልኩህ እኮ!

ፈለቀ፦ ቆርቆሮውን አምጪ ዘርፌ። ቀለሙ ይደርቃል።

ዘርፌ፦ ይድረቅ! ድንጋይ ይሁን!

ፈለቀ፦ ዲስኩ ይሄን ጥድ ሲመታው አልሰማሽም? ጓ ብሎ ነው የተመለሰው። መንገድ የዘጋ ዛፍ ይቀባል፣ የተቀባው ይቆረጣል። አሠራሩ ይሄ ነው።

ዘርፌ፦ አሠራሩን ያወጣኸው አንተው።

ፈለቀ፦ ታዲያ ማን ያውጣው? የዲስክ ጎልፍ ማኅበሩ ሜዳውን ንደፍልን ብሎ አደራ የሰጠው ለእኔ ነው።

ዘርፌ፦ ንደፍልን አሉህ እንጂ መንጥርልን አሉህ?

ፈለቀ፦ አንድ ዛፍ ቀባሁ ተብሎ ይሄ ሁሉ ጩኸት!

ዘርፌ፦ አንድ? እስቲ ዞር ብለህ የመጣንበትን እየው። ጫካው ኩፍኝ የወጣበት ሕፃን መስሏል።

ፈለቀ፦ ወይ አንቺ! ለነገር ማን ብሎሽ።

ዘርፌ፦ አትሳቅ። ነገ ጠዋት ዛፍ ቆራጩ አበጀ መጋዙን ይዞ ሲመጣ ቀይ ያየውን ሁሉ እየጣለ ነው የሚሄደው። እሱ እንደሆነ አያመዛዝን፣ አይጠይቅ።

ፈለቀ፦ ምን ሊጠይቅ? ነገሩ ቀላል ነው። ዲስኩ ከመወርወሪያው ይነሳል፣ በዛፎቹ መሃል ሾልኮ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት ቅርጫት ውስጥ ይገባል። ማለፊያ ካጣ ምን ጨዋታ አለው?

ዘርፌ፦ ማለፊያ ካልቸገረውስ ምን ጨዋታ አለው? መጀመሪያ ያመጣኸኝ ቀን ምን ነበር ያልከኝ? «ጨዋታው ዛፉ ነው» አላልክም? ሜዳ ለሜዳ ሳህን መወርወርማ ምኑ ይከብዳል ብለህ፣ እዚያች ወይራ ሥር ቆመህ፣ እንደ ተማሪ አስተምረኸኝ የለም እንዴ?

ፈለቀ፦ ሳህን አይደለም፣ ዲስክ ነው።

ዘርፌ፦ እሱን ብቻ ሰማህ?

ፈለቀ፦ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ነይ፣ ወደሚቀጥለው እንሂድ። ስንመለስ እቀባዋለሁ። እዚህ ገና ቅርጫቱ አልመጣም፣ ለጊዜው በርሜል ነው ያቆምነው። ወደ ቀኝሽ ጠጋ በዪ።

ዘርፌ፦ ጠጋ ብያለሁ። ወርውር።

ፈለቀ፦ ሆፕ! … የት ወደቀ?

ዘርፌ፦ የወረወርከው አንተ፣ የምትጠይቀው እኔን?

ፈለቀ፦ ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ገባች።

ዘርፌ፦ ፀሐይዋ ከኋላህ ናት። ግራው ያለውን ጥድ መትቶ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። ዛሬ ሙሉውን ቀን ግራ ነው የምትመታው። የቀባሃቸውም ሁሉ በግራ ናቸው። በቀኝ በኩል አንድ ቀይ ነገር የለም።

ፈለቀ፦ በግራ በኩል ጫካው ጥቅጥቅ ብሏላ።

ዘርፌ፦ ጥቅጥቅ ያለውስ ቀኙ ነው! በቀኙ ሰተት አድርገህ ታሳልፈዋለህ፣ የሰው እጅ መግቢያ በሌለበት። ግራው ላይ ሁለት ዛፍ በስንት ርቀት ቆመው አንዷን ፈልገህ ትላተማለህ።

ፈለቀ፦ ክንዴ ነዋ። ዕድሜ ነው። ክንድ ሲደክም ዲስኩ ወደ ግራ ይጎተታል።

ዘርፌ፦ ወይዘሮ አስካለም ክንድህ ሆና ነው?

ፈለቀ፦ ደግሞ አስካለን ከየት አመጣሻት?

ዘርፌ፦ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እንደምን አደርክ ብላ እጇን ዘረጋችልህ። እጇን አየር ላይ ትተህባት ሄድክ። በግራህ ነበር የቆመችው። ዛሬ ድረስ «ባልሽ ጎልፍ ከጀመረ ሰው ናቀ» እያለች ታወራለች።

ፈለቀ፦ ሐሳብ ይዞኝ ነው።

ዘርፌ፦ የበሩ መቃን ላይ የተላተምከውስ? የጎረቤትን ጥጃ የረገጥከውስ?

ፈለቀ፦ ጥጃው ነው እግሬ ሥር የገባው! በቃ አትነዝንዢኝ ዘርፌ። ሥራ ላይ ነኝ።

ዘርፌ፦ ዝግባው ግን እግርህ ሥር አልገባም።

ፈለቀ፦ ዝግባውን አታንሺብኝ።

ዘርፌ፦ አነሳዋለሁ! አበጀ መጋዙን ሲያስገባበት ጆሮዬን ይዤ ነው የቆምኩት። እኔና አንተ ሳንወለድ የነበረ ዛፍ። ተማሪዎችህን ሩጫ ታሠለጥን በነበረ ጊዜ ምሳ የማመጣልህ እሱ ሥር ነበር። «መንገድ ላይ ነው የቆመው» አልክ፣ ቀባኸው፣ ወደቀ። ሰዉ ሁሉ ሲበተን ሄጄ ጉቶው ላይ ወጣሁ ፈለቀ። እዚያ ላይ ሆኜ መወርወሪያውን አየሁት፣ ቅርጫቱን አየሁት። መንገድ ላይ አልነበረም። ከመንገዱ ወዲያ ነበር፣ ብቻውን።

ፈለቀ፦ … ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?

ዘርፌ፦ ከወደቀ በኋላ? ምን እንድትሆን? መልሰህ አትተክለው።

ፈለቀ፦ እና ዛሬ ልትበቀይኝ ነው የመጣሽው።

ዘርፌ፦ ቆርቆሮህን ተሸክሜ ነው የመጣሁት። ሳምንቱን ሙሉ ተሸክሜልሃለሁ። ነይ ስትል መጣሁ፣ ያዢ ስትል ያዝኩ። ዛሬ ግን እጄ እምቢ አለ፣ ምን ላድርግ?

ፈለቀ፦ እጅሽ እምቢ ካለ የኔ እጅ አለ። ስጪኝ።

ዘርፌ፦ ተው፣ ልብሴ ላይ ይደፋል!

ፈለቀ፦ ስጪኝ አልኩሽ!

ዘርፌ፦ እንካ! ውሰደው። እኔ ምን አቅም አለኝ? ቅባ። ጫካውንም ቅባ፣ ተራራውንም ቅባ።

ፈለቀ፦ ይኸው፣ እንዲህ ከመጀመሪያው ብትሰጪኝ ምን ነበረበት? ቅድም ከመለሰብኝ ጥድ እጀምራለሁ። … ዘርፌ? … አኮረፈች ደግሞ። ኩርፊያውን ቤታችን ብታደርጊው ምን አለ? … አዎ፣ ይሄ ነው። ይሄ ነው ጓ ያደረገው። በደረት ልክ ሰፋ አድርገን አንድ መስመር … አበጀ እንዳይሳሳት ደመቅ እናድርገው … ዘርፌ፣ እባክሽ ቢያንስ ክዳኑን ያዢልኝ። የት ሄድሽ? … እንዴ! ምንድን ነው ይሄ ቅርፊት? ለስላሳ ነው።

ዘርፌ፦ ቅርፊት አይደለም። ሹራቤ ነው። ዛፉ ከኋላዬ ነው።

ፈለቀ፦ ዘርፌ?

ዘርፌ፦ ከፊቱ ሄጄ ቆምኩ። ስትመጣ ፊት ለፊት እያየሁህ ነበር። አሁን ያየኛል፣ አሁን ይስቃል፣ አሁን «ዞር በዪ አንቺ ሴትዮ» ይለኛል እያልኩ ጠበቅኩ። ብሩሹን ስታነሳ እንኳ ያየኛል እያልኩ ነበር።

ፈለቀ፦ ለምን አልተናገርሽም?

ዘርፌ፦ ብናገርማ በድምፄ ታውቀኝ ነበር።

ፈለቀ፦ ጠቆር ያለ ነገር ቆሞ አየሁ … ግንድ መሰለኝ። ፊትሽን ነካሁት? ዓይንሽ ውስጥ ገባ?

ዘርፌ፦ ትከሻዬ ነው። የኔን ዓይን ተወው።

ፈለቀ፦ ልቀመጥ እስቲ። ድንጋይ ነገር አለ እዚህ?

ዘርፌ፦ እጄን ያዝ። እዚህ ጋ ነው። ዝቅ በል። … ከመቼ ጀምሮ ነው?

ፈለቀ፦ ለሜዳው ስብሰባ አዲስ አበባ ሄድኩ ያልኩሽ ጊዜ፣ ስብሰባ አልነበረም። ሐኪም ጋ ነበርኩ። የዓይን ግፊት ነው አለኝ። ግራው ብዙውን ጨርሷል፣ ቀኙም ከጠርዙ ጀምሮ እየደበዘዘ ነው። የጠፋው አይመለስም። ጠብታው የቀረውን ካቆየው ያቆየዋል፣ እሱንም እርግጠኛ ሆኖ አልነገረኝም።

ዘርፌ፦ ጠብታውን ትጨምራለህ?

ፈለቀ፦ እጨምራለሁ። ብዙውን ጊዜ ጉንጬ ላይ ነው የሚወርደው።

ዘርፌ፦ እኔ እያለሁልህ? እኔን ጨምሪልኝ አትለኝም?

ፈለቀ፦ ካልኩሽ ታውቂብኛለሽ።

ዘርፌ፦ አይ ፈለቀ! አንጀቴን በላኸው። እኔስ የማላውቅ ሆኜ ነው? ሌሊት ግድግዳ እየዳሰስክ ስትነሳ እንቅልፍ የወሰደኝ መስዬ እተኛለሁ። ወንበሩን ከግራህ እያነሳሁ ወደ ቀኝ የማዞረው ቤት ማሳመር አምሮኝ መሰለህ? አፌን ከከፈትኩ እውነት ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ዝም ስል ዝግባው ወደቀ።

ፈለቀ፦ ዝግባውን እኔ ነኝ የጣልኩት።

ዘርፌ፦ ቆርቆሮውን የያዝኩልህ እኔ ነኝ።

ፈለቀ፦ አታልቅሺ። አታልቅሺ በሞቴ። … ታለቅሻለሽ? አላይም እኮ፣ ንገሪኝ።

ዘርፌ፦ አላለቅስም። በል የተቀቡትን እንጥረጋቸው። ነዳጅ ነገር ያስለቅቀዋል።

ፈለቀ፦ አይለቅም። ቅርፊቱ ጠጥቶታል። ደግሞስ የትኛውን ትጠርጊያለሽ? ከመሃላቸው በእውነት መንገድ የዘጉ ይኖራሉ። የትኛው እንደዘጋ፣ የትኛውን እኔ ሳላየው እንደመታሁት፣ እኔ ራሴ አላውቅም። የቀባሁትን አንዱንም ማመን አልችልም። ዛፎቹ ፊቴ ቆመው አዩኝ፣ እኔ ላያቸው አልቻልኩም።

ዘርፌ፦ እንግዲያው ለአበጀ ደውልና ነገ አትምጣ በለው።

ፈለቀ፦ ለምን ሲለኝስ?

ዘርፌ፦ ዝናብ መጥቷል በለው።

ፈለቀ፦ ዝናብ ያቆየዋል እንጂ አያስቀረውም። ሲያባራ መጥቶ ይጥላቸዋል። እሱ የሚያውቀው ቀለሙን ነው።

ዘርፌ፦ እኔ ልደውልለት።

ፈለቀ፦ «ጋሽ ፈለቀ ራሳቸው ካላሉኝ» ይልሻል። እኔው ነኝ እንዲህ ያስለመድኩት። ከእኔ አፍ ካልሰማችሁ ማንንም አትስሙ ብያቸዋለሁ፣ ሁሉንም ሰብስቤ።

ዘርፌ፦ አንተው ንገረዋ ታዲያ!

ፈለቀ፦ ለአበጀ ነገርኩት ማለት ለከተማው ነገርኩት ማለት ነው። እስከ ማታ ማኅበሩ ይሰማል። ዓይኑ የጠፋ ሰው ሜዳ ሲነድፍ የት አየሽ? ከነገ ወዲያ አንዱን ጎረምሳ ያመጡና «ጋሼ፣ እርስዎ ይረፉ» ይሉኛል። በአክብሮት ነው የሚሉኝ፣ ወንበር አምጥተው። እሱን ነው የምፈራው። ትምህርት ቤቱ ሸኝቶ ጋቢ ካለበሰኝ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ምንም ጠይቆኝ አያውቅም። እዚህ ጫካ ውስጥ ነው እንደገና «ጋሼ፣ ይሄ እንዴት ይሁን?» የተባልኩት። ይሄ ብቻ ነበር የቀረኝ ዘርፌ።

ዘርፌ፦ ይሄ ብቻ? እኔስ?

ፈለቀ፦ አንቺማ … አንቺን ግንድ ነው ብዬ ቀባሁሽ።

ዘርፌ፦ እንዴት ያለህ ባለጌ ነህ! አሁን ያስቃል ይሄ?

ፈለቀ፦ አያስቅም።

ዘርፌ፦ አያስቅም። … እኔ አልጫንህም ፈለቀ። ደውል ብዬ አላስጨንቅህም። ሁለታችንም ምንም ማድረግ የማንችለው ነገር መጥቶብናል። ዓይንህን አልመልስልህ። ሜዳውን አላስቀርልህ። ተነስ ካልከኝ እጅህን ይዤ ቤት አስገባሃለሁ፣ ጠብታህን እጨምርልሃለሁ። ነገ መጋዙ ሲጮህ ደግሞ በራችንን እንዘጋለን፣ ሌላ ምን እናደርጋለን?

ፈለቀ፦ … እዚህ ተቀምጬ ሊታየኝ የሚገባው ስንት ነው? ከፊታችን።

ዘርፌ፦ ዛፍ?

ፈለቀ፦ ቀይ ያለበት።

ዘርፌ፦ አትጠይቀኝ።

ፈለቀ፦ እኔ ሁለት ነው የማየው። ሁለት ነው?

ዘርፌ፦ አይደለም።

ፈለቀ፦ ብዙ ነው?

ዘርፌ፦ ብዙ ነው።

ፈለቀ፦ … ስልኬን ከኪሴ አውጪልኝ። እጄ ቀለም ነው።

ዘርፌ፦ ይኸው። ምን ልታደርግ ነው?

ፈለቀ፦ አበጀን ፈልጊልኝ። ፊደሉ አይታየኝም።

ዘርፌ፦ ቆይ … አበራ … አበበ … ይኸው። ፈለቀ፣ እርግጠኛ ነህ? አንዴ ከተናገርክ አይመለስም።

ፈለቀ፦ ጆሮዬ ላይ አድርጊልኝ።

ዘርፌ፦ እየጠራ ነው።

ፈለቀ፦ ሄሎ፣ አበጀ? … ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ስማ፣ ነገ መጋዙን ይዘህ እንዳትመጣ። … የለም፣ ሌላ ቀንም አታምጣው። … ዝናብ አይደለም ልጄ። ዛፎቹ መንገድ ላይ አልቆሙም፤ የማላያቸው እኔ ነኝ።