ለእሁድ የተቀመጠ ኪኒን

ሠፈሩ «ጋሼ ምላጭ» የሚላቸው አዛውንት ፀጉር አስተካካይ ማክሰኞ ጠዋት ከቤታቸው ሊወጡ በር ከፍተው ደፉ ላይ ተተክለው ቀሩ። ቀኝ እግራቸው አልነሣ አላቸው። ሰውነታቸው ወደፊት ይላል፤ ጫማቸው ግን በሚስማር የተመታ ይመስል ከወለሉ አልላቀቅ አለ። እንዲህ ሲሆኑ የመጀመሪያቸው አልነበረም። ሰው ሲያያቸው ግን የመጀመሪያቸው ነው።

ያየቻቸው ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ወጣት ፋርማሲስት ናት። ሥራ ረፍዶባት ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ትወርድ ነበር።

«እንደምን አደሩ ጋሼ? ሰው እየጠበቁ ነው?»

«ይመስገን ልጄ። ኧረ ንፋስ ልቀበል ብዬ ነው።»

«ኮሪደር ውስጥ?»

«ከቤቱ ይሻላል።»

ፋርማሲስቷ ካለፈች በኋላ ዞር ብላ ጫማቸውን አየች። ተመልሳም ጃንጥላዋን ከእግራቸው ፊት ወለሉ ላይ አጋደመችው።

«ይህን ይሻገሩልኝ። እንዳይረግጡት፣ አዲስ ነው።»

ጋሼ ምላጭ ጃንጥላውን አተኩረው አዩና ጉልበታቸውን ከፍ አድርገው ተሻገሩት። ራሳቸውም ደነገጡ።

«ምን ዓይነት አስማት ነው?»

«አስማት አይደለም። እንዲህ የቆመ እግር የሚሻገረው ነገር ሲያገኝ አንዳንዴ ይነሣል። አሁን ይግቡና ይቀመጡ።»

ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው። አንድ ክፍል ቤት ነው። መካከሉ ላይ ከሱቃቸው ያመጡት ተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጧል። ሱቁን የዘጉት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። አንድ የቆየ ደንበኛቸው ምላጩ ጆሮው ሥር ሲንቀጠቀጥ በመስተዋት አይቶ፣ ምንም ሳይናገር ፎጣውን ከአንገቱ አውርዶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ያ ወንበር ላይ የሚቀመጡት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ፋርማሲስቷ ከመደርደሪያው ላይ የመድኃኒቱን ብልቃጥ አንሥታ ነቀነቀችው።

«ይህን እኔው ነኝ የሰጠሁዎት፤ ዛሬ ሃያ ቀኑ። በቀን ሦስት ጊዜ አንድ አንድ ይላል። ከዘጠናው ሠላሳ ነበር መቅረት ያለበት። ይህ እኮ አፉ ድረስ ሙሉ ነው!»

«ለእሁድ ነው የማስቀምጠው።»

«እሁድ ምን አለ?»

«ልጄ ይመጣል። አንዳንድ እሁድ።» ቀኝ እጃቸውን በግራው ያዙት። «ሌላውን ቀን ማን ያየኛል? ለግድግዳው ብዬ ኪኒን ልጨርስ?»

«ሲመጣስ ስንት ይውጣሉ?»

«ሦስት፤ ጠንከር ሲልብኝ አራት። እስኪሄድ ድረስ እጄ ጸጥ እንዲልልኝ።»

መድኃኒትን እንደ ክት ልብስ የሚያዩ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ሰው ፊት ሲቀርቡ ይለብሱታል፤ ብቻቸውን ሲሆኑ አጣጥፈው ያስቀምጡታል። ጋሼ ምላጭ ግን ሌላም ምክንያት ነበራቸው።

«ደግሞ መድኃኒት ይለመዳል ይባላል። ዛሬ ገላዬን ካስለመድኩት የባሰው ቀን ሲመጣ ምን እይዛለሁ?»

«ይህ የመንቀጥቀጥ ሕመም እርስዎ ኪኒን ስለቆጠቡ ቆሞ አይጠብቅዎትም። ይህ መድኃኒት ሕመሙን አያጠፋም፤ መንቀጥቀጡንና መገተሩን ነው የሚያቀልልዎ፤ ያውም በሰዓቱ ሲወሰድ። የሚያገለግልበት ሰዓት እያጠረ ከመጣ ሐኪሙ ያስተካክለዋል። ያለፈን ኪኒን ለማካካስ ደራርቦ መዋጥ ግን የለም። በራስ ፈቃድ ድንገት ማቆምም የለም፤ ሰው በትኩሳት ነዶ፣ መላ አካሉ ደርቆ ሆስፒታል ይገባል።»

«ትቆጪኛለሽ እንዴ? እኔ እኮ የአባትሽን ፀጉር የቆረጥኩ ሰው ነኝ።»

«አባቴንም እቆጣዋለሁ።»

ሽማግሌው ሳቅ አመለጣቸው። ሳቁ ቶሎ ጠፋ።

«ያለፈው እሁድ አራት ዋጥኩ። እጄ ዝም አለ፤ ትከሻዬና አንገቴ ግን ያለ ዘፈን ይወዛወዙ ጀመር። ልጄ የምጨፍር መስሎት ሳቀ። ‹አባባ፣ ከእኔ አንተ ትሻላለህ› ብሎኝ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ሄደ። ልሸኘው ብድግ ስል ቤቱ ዞረብኝ። ወለሉ ላይ እስኪመሽ ተኝቻለሁ። ስልኩ መደርደሪያው ላይ ነበር።»

«ነግረውታል?»

«ምን ብዬ? ሥራ አለው፣ ልጆች አሉት። ሸክም ልሁንበት?»

«እሁድ እሁድ ለልጅዎ የሚያሳዩት የማንንም እርዳታ የማይፈልግ ሰው ነው» አለች ፋርማሲስቷ፤ ድምፅዋን አላለዘበችም። «ማንንም ለማይፈልግ ሰው ደግሞ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። እኔም ብሆን እሄዳለሁ።»

ጋሼ ምላጭ ብልቃጡን ከእጇ ተቀበሉና «ታዲያ ከአሁን ጀምሮ በቀን ሦስት ጊዜ አንድ አንድ ልዋጥ?» አሉ፤ እንደ ተማሪ።

«የለም። እንዲህ ተቆራርጦ የቆየን መድኃኒት እንዴት እንደሚጀምሩት የሚወስነው ሐኪምዎ ነው። አሁን እንደውላለን።»

ክሊኒኩ ዛሬውኑ ኑ አለ። ሐኪሙ የሆነውን ሁሉ ሰምቶ መጠኑን እንደ አዲስ ወሰነና ሰዓቱን በትልልቁ ጻፈላቸው፦ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ቀን ሰባት ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት። ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት መድኃኒቱን ሊያዳክሙት ስለሚችሉ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድመው እንዲውጡ፣ ከአልጋ ሲነሡ መጀመሪያ ቁጭ ብለው እንዲቆዩ፣ ለማቅለሽለሽም ቢሆን ሌላ መድኃኒት ሳያማክሩ እንዳይወስዱ አስጠነቀቃቸው።

ከዚያ በኋላ በሦስተኛው እሁድ ልጃቸው የመጣው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የጠዋቱ ኪኒን ጉልበቱ ሲያልቅ ነበር። ጋሼ ምላጭ ወደ ብልቃጡ አላዩም። የሚንቀጠቀጥ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳለ ተዉት።

«አባባ! ይህ ምንድን ነው?»

«አንተ በሌለህበት ቀን እንዲህ ነኝ።»

ልጁ ኮቱን አወለቀ። ሰባት ሰዓት ሲሆን አባቱ አንዲት ኪኒን ሲውጡ አየ፤ እጃቸው ቀስ በቀስ እስኪረጋም አብሮ ጠበቀ። ኋላ ስለ መውደቃቸው ነገሩት።

ጋሼ ምላጭ አልዳኑም፤ ድኛለሁ ብለውም አይዋሹም። ነገር ግን በሰዓቱ የሚወሰደው ኪኒን ሸሚዛቸውን በራሳቸው ያስቆልፋቸዋል፤ እስከ መንገዱ ማዶ አድርሶ ይመልሳቸዋል፤ ከዚያ ወዲህም አልወደቁም። ቤቱ አሁንም ጭር ያለ ነው። ልጃቸው ማታ ማታ ብቻ ይደውላል፤ ከአንድ ደቂቃ አያልፍም።

«አባባ፣ ዋጥክ?»

«ዋጥኩ።»

«ጎበዝ። በል ልዝጋው፣ ደህና እደር።»

አንድ ማታ ጋሼ ምላጭ ሁልጊዜ እንደሚሉት «እሺ፣ ደህና እደር» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ።

«ቆይ» አሉት። «አትዝጋው።»